ከ22 ዓመት በኋላ ከበሮ ይሰቀላል? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ድራም ኮር ናቸው። ለማያውቁት ባጭሩ፦ ድራም ኮር በአሜሪካን ፉትቦል ሜዳ ላይ እየተራመደ የሚጫወት የውድድር ባንድ ነው። ነሐስ ነፋሾች፣ ከበሮ መቺዎችና ባንዲራ የሚያወዛውዙ «ከለር ጋርዶች» አሉበት። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሃይስኩል እያለሁ አራት ዓመት በማርሽ ባንድ ውስጥ ስኔር (ከሥሩ ክር የተዘረጋበት ከበሮ) መትቻለሁ። አሁን 27 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ኒው ጀርሲ ነው። የአዋቂዎቹ ማኅበር ዲሲኤ ተዘጋ ሲባል ሰማሁ። ከእንግዲህ ለእኔ ቦታ አለ ወይስ አለፈኝ?

መልስ፦ አላለፈዎትም። የተዘጋው ማኅበሩ እንጂ ቡድኖቹ አይደሉም። ዲሲኤ ከ1960ዎቹ ጀምሮ፣ በተለይ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ የአዋቂዎችን ውድድር ለብቻው ሲያካሂድ ኖሮ 2023 የመጨረሻ ዓመቱ ሆነ። ከ2024 ጀምሮ ቡድኖቹ የሚወዳደሩት በዲሲአይ ሥር «ኦል ኤጅ» በተባለ ምድብ ነው። ዲሲአይ በ1971 የተቋቋመው የወጣቶቹ ድርጅት ነው። ከ1946 ጀምሮ ያለው የኒው ጀርሲው ሆቶርን ካባዬሮስና በ1957 የተመሠረተው የፔንሲልቬንያው ሬዲንግ ባካኒርስ ከዚያው ከእርስዎ አካባቢ የሚነሱ አንጋፋ ቡድኖች ናቸው።

ልዩነቱን በደንብ ይያዙት። በዲሲአይ የወጣቶች ምድቦች፣ ማለትም በወርልድ ክላስና በኦፕን ክላስ፣ የሚገቡት ጁን 1 ቀን ገና 22 ያልሞላቸው ናቸው። ወርልድ ክላስ የገባ ወጣት ከሜይ እስከ ኦገስት ሥራም ትምህርትም የለውም። ጂምናዚየም ወለል ላይ እያደረ፣ በአውቶቡስ እየዞረ ክረምቱን ይጨርሳል፣ ክፍያውም በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ኦል ኤጅ የላይኛው የዕድሜ ጣሪያ የለውም፤ ልምምዱም በአብዛኛው ቅዳሜና እሑድ ነው። ሥራና ልጅ ላለው ሰው ትርጉም ያለው ይኸኛው ነው፤ እንደ ሁለተኛ ምርጫ ሊታይ አይገባውም።

ከመመዝገብዎ በፊት አራት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ የልምምድ ቀኖቹን ዝርዝር፣ ክፍያው ዩኒፎርምና ጉዞን ይጨምር እንደሆነ፣ ከበሮውን የሚያቀርበው ማን እንደሆነ፣ ስንት ልምምድ የቀረ ሰው ከሜዳ እንደሚወጣ። የመጨረሻውን ጥያቄ ሰዎች ይረሱትና ጁላይ ላይ ያጣላቸዋል። ሰውነትዎን ደግሞ ከሁለት ወር በፊት ያዘጋጁ። እጅ ቶሎ ያስታውሳል፤ የሚከዳው ወገብና ባት ነው። ከበሮውን በትከሻ ማንገቻው ተሸክመው መጀመሪያ 10 ደቂቃ ባሉበት እግር እያነሱ ይምቱ፤ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨምሩ። እርምጃውንም በልኩ ይለማመዱ፦ አምስት ያርድ በስምንት እርምጃ፣ እያንዳንዱ 22 ኢንች ተኩል፣ ማለት 57 ሴንቲ ሜትር ግድም።

ጥያቄ፦ ስድስት ጓደኛሞች ነን። ሦስታችን ከበሮ፣ ሁለታችን ሳክስፎን፣ አንዳችን ትራምፔት እንጫወታለን። ትልቅ ቡድን ለመግባት ጊዜውም ገንዘቡም የለንም። በራሳችን መወዳደር እንችላለን?

መልስ፦ ትችላላችሁ። መድረኩ ሳውንድስፖርት ይባላል፣ የዲሲአይ ፕሮግራም ነው። በትልቆቹ የድራም ኮር ምድቦች ሳክስፎንና ክላርኔት አይፈቀዱም። ሳውንድስፖርት ግን መሣሪያም ዕድሜም አይመርጥም። ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ የሚሆን ዝግጅት ታቀርባላችሁ፤ ዳኞች ወርቅ፣ ብር ወይም ነሐስ ደረጃ ይሰጣሉ። ሦስታችሁ ከበሮ መቺዎች ብቻችሁን መሞከር ካሰኛችሁ፣ ሁለት የከበሮ ቡድን ፊት ለፊት የሚገጣጠምበት ድራምላይን ባትል አለ፤ እሱ ግን ሰፋ ያለ ቡድን ይፈልጋል።

በትንንሽ ቡድኖች ላይ ደጋግመን የምናየው ስሕተት አንድ ነው፦ ለትልቅ ቡድን የተጻፈ ሙዚቃ ያመጡና ስድስት ሰው ላይ ይጭኑታል። ስድስት ሰው ሲሆኑ መደበቂያ የለም። አንዱ ሲተነፍስ ዜማው ይቋረጣል፣ አንዱ ሲሳሳት አዳራሹ ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ ሦስት ሐሳብ ብቻ ያለው፣ አምስት ደቂቃ ተኩል ግድም የሚፈጅ ነገር ጻፉ። ሳክስፎኖቹ በየተራ እንዲተነፍሱ ትንፋሹን ኖታው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከበሮዎቹ ዜማ ሲኖር በሦስት ኢንች የዱላ ከፍታ ይምቱ፣ ዜማው ሲያርፍ ብቻ ወደ ዘጠኝ ይውጡ። ሦስት ከበሮ ሁለት ሳክስፎንን በአንድ ሐረግ ውስጥ ሊውጥ ይችላልና ይህን አትናቁት። ሰዓቱንም በየልምምዱ ያዙ። ከስድስት ተኩል ካለፈ ቁረጡ፤ ውድድር ቀን ጭብጨባው፣ መግቢያውና መውጫው ደቂቃውን ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ የማርሽ ስኔር ገዛሁ። ድምፁ ደረቅና ጥርት ያለ መሆን ሲገባው ይንሿሿል። ቆዳውን ባጠብቅ ይስተካከላል ብዬ ሳጠብቅ አንዱ ብሎን ጥርሱን ጨረሰ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ መንሿሿቱ ከላይኛው ቆዳ አልመጣም፤ ከሥር ነው። እርስዎ ያጠበቁት ጤነኛውን ነው። ከበሮውን ገልብጠው ይጀምሩ።

ከታችኛው ቆዳ ሥር ተዘርግተው የሚታዩት ክሮች ናቸው ለስኔር ያን የሚንጣጣ ድምፅ የሚሰጡት። እያንዳንዱ ክር ጫፉ ላይ የራሱ ትንሽ ብሎን አለው። ማጥበቂያውን ክንድ ዘግተው ክሮቹ ቆዳውን እንዲነኩ ያድርጉ፣ ከዚያ እያንዳንዱን በጥፍርዎ በትንሹ አንሥተው ይልቀቁ። ሁሉም እኩል መመለስ አለባቸው። አንዱ ላላ ካለ እሱ ነው የሚንሿሿው፤ በትንሽ መፍቻ ሩብ ዙር ብቻ ያጥብቁና እንደገና ይንኩት። ሁሉንም እኩል ካደረጉ በኋላ ከበሮውን ገልብጠው በሦስት ኢንች ከፍታ በቀስታ ይምቱ። ለቀስታ ምት ክሩ ካልመለሰ ጠብቋል ማለት ነው፣ ድምፁ ይታነቃል። ምቱ ካለቀ በኋላም ክሩ እየተርገበገበ ከቀጠለ ላልቷል። ትክክለኛው ቦታ በነዚህ በሁለቱ መካከል ሲሆን ቦታው ጠባብ ነው። ታጋሽ ይሁኑ።

አሁን ወደ ብሎኑ። የማርሽ ስኔር ላይኛው ቆዳ አራሚድ ከሚባል ጠንካራ ክር የተሸመነ ነው፤ እንደ ተራ ፕላስቲክ ቆዳ አይሳብም። ስለዚህ ሩብ ዙር እንኳ ቃናውን ብዙ ይለውጠዋል፣ ያጠበቁት ኃይልም በሙሉ ብሎኑና ጠርዙ ላይ ያርፋል። ብሎኖቹን በክብ ቅደም ተከተል፣ ከአንዱ ወደ ጎረቤቱ እያሉ ካጠበቁ ቆዳው ወደ አንድ ወገን ይጎተታል፣ ቀለበቱ ይዘማል፣ የመጨረሻው ብሎን የሁሉንም ሸክም ይሸከማል። የእርስዎ ጥርሱን የጨረሰው እንዲህ ሆኖ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያድርጉ። ቆዳውን አውልቀው የከበሮውን ጠርዝ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ጣትዎን ዙሪያውን ሲያሳልፉ የሚይዝዎት ሸካራ ቦታ ካለ ቆዳው ከዚያ ይቀደዳልና ለባለሙያ ያሳዩት። የብሎኖቹን ጥርስ በቀጭኑ ግሪስ ይቀቡ። የተበላሸውን ብሎን ከሚገባበት ጆሮ (ከበሮው ጎን ላይ ካለው መያዣ) ጋር አብረው ይለውጡ፤ አንዱን ብቻ ከለወጡ አሮጌው አዲሱን ይበላዋል። ቆዳውን አስቀምጠው ሁሉንም ብሎን በጣት እስኪቆም ያስገቡ። ከዚያ በቁልፍ ግማሽ ግማሽ ዙር፣ ሁልጊዜ ከአንዱ ወደ ትይዩው እየተሻገሩ። ሁለተኛ ቁልፍ ቢኖርዎ በሁለት እጅ ትይዩዎቹን በአንድ ጊዜ ማዞር ከሁሉ ይሻላል። መጥበቅ ሲጀምር ወደ ሩብ ዙር ይውረዱ። አሁን ክሮቹን አላልተው፣ መሐሉን በአንድ ጣት ነክተው፣ ከእያንዳንዱ ብሎን ፊት አምስት ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው በዱላ ጫፍ ይንኩ። ወፍሮ የሚሰማውን ብቻ ከፍ ያድርጉ። ከዚያ ያቁሙ፣ አንድ ሌሊት ይተዉት። በማግስቱ ዝቅ ብሎ ያገኙታል፤ ያኔ ወደሚፈልጉት ቃና ያድርሱት። በአንድ ቀን ለመጨረስ የሚጣደፉ ናቸው ከበሮ የሚሰብሩት።

ጥያቄ፦ ልጄ 17 ዓመቷ ነው። ለኦፕን ክላስ ቡድን በቪዲዮ ልትፈተን ነው። ስለ ቀረጻው ምንም አናውቅም።

መልስ፦ ቡድኑ በሚልከው የልምምድ ጥራዝ ላይ ፍጥነቱ «ከዚህ እስከዚያ» ተብሎ ከተሰጠ ዝቅተኛውን ትምረጥ። ፈታኙ የሚያየው የእጇን እኩልነትና የጊዜ አያያዟን እንጂ ፍጥነቷን አይደለም። ስልኩ ከሦስት ሜትር ግድም ርቀት ላይ፣ ከወገቧ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ሁለቱ እጆቿም እግሮቿም መታየት አለባቸው፤ ባለችበት እግር እያነሳች ትምታ። ስልክ ቀርቦ ከተቀመጠ ከበሮው የስልኩን ማይክሮፎን ያጨናንቀዋል፣ ምቶቹም ይደባለቃሉ። ብርሃን ከኋላዋ አይሁን። ሜትሮኖሙ (ምት ቆጣሪው መሣሪያ) ይሰማ ግን አይጩኽ። አንድ ያልተቆራረጠ ቀረጻ ብቻ ይላክ።

አንድ ነገር ግን እባክዎ ያሳስቧት፦ አብዛኞቹ የሚቸኩሉት በቀስታ ሲመቱ ነው። ዱላው ዝቅ ሲል መንገዱ ያጥራል፣ እጅም ቀድሞ ይደርሳል። ያንን ቦታ ሜትሮኖሙን በምቱ መካከል፣ ከምቱ ውጭ እንዲመታ አድርጋ ለብቻው ትለማመደው።

ጥያቄ፦ ኦል ኤጅ ቡድን ውስጥ ከሜዳው ፊት ለፊት ቆሜ ማሪምባ (በዱላ የሚመታ የእንጨት ቁልፎች ያሉት መሣሪያ) ነው የምጫወተው። ድራም ሜጀሩን፣ ማለት በእጁ ምት እየሰጠ የሚመራንን ሰው፣ እያየሁ በትክክል እመታለሁ፤ ግን ሁልጊዜ «ቀደምሽ» እባላለሁ።

መልስ፦ ጥፋቱ የአየሩ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፣ ብርሃን ግን ወዲያው ይደርሳል። የከበሮው መስመር ከእርስዎ 32 ሜትር ወደ ኋላ ቢቆም ምቱ እርስዎ ጋ ለመድረስ 0.093 ሰከንድ ይፈጅበታል። ሙዚቃው በደቂቃ 160 ምት ከሆነ አንድ ምት 0.375 ሰከንድ ነው፣ የምቱ ሩብ 0.094። ስለዚህ እጅ አይተው በትክክል ሲመቱ፣ ለተመልካቹ ከከበሮው አንድ ሩብ ምት ሙሉ ቀድመዋል። ይህ ለማንም ጆሮ ግልጽ ነው።

መፍትሔው ማየት ትቶ ማዳመጥ ነው። ድራም ሜጀሩ የመሐለኛውን ስኔር እግር እያየ ይምራ፤ ፊት ያላችሁት ከኋላ በሚመጣው ድምፅ ላይ ተጫወቱ። ያኔ የሁላችሁም ድምፅ ተመልካቹ ጋ በአንድነት ይደርሳል። ይህ የማይሠራበት ጊዜ አለ፦ ከበሮው ወደ ፊት ሲመጣና በሁለት ወገን ሲከፈል። በሜዳው ግራና ቀኝ ካሉት ሁለት የ30 ያርድ መስመሮች ከአንዱ እስከ ሌላው ርቀቱ 40 ያርድ ነው፣ ማለት 36.6 ሜትር፤ እዚያ የቆሙት እርስ በርስ ቢደማመጡ እየተጎተቱ ይዘገያሉ። እዚያ ላይ ሁሉም እጅ ማየት አለበት። ኖታችሁ ላይ «ጆሮ» እና «ዓይን» ብላችሁ የትኛው ገጽ የትኛው እንደሆነ ጻፉ።

የልምምድ ሜትሮኖሙንም እንዲሁ። የድምፅ ማጉያው ከፊት ከተቀመጠ የኋላው ሰው ዘግይቶ ይሰማል፣ ዘግይቶ ይመታል፣ የእሱ ድምፅ ደግሞ እንደገና ዘግይቶ ይመለሳል፤ ስሕተቱ እጥፍ ይሆናል። ማጉያው ሁልጊዜ ከከበሮው መስመር ጀርባ ይሁን፤ መስመሩ ሲንቀሳቀስም አንድ ሰው እየገፋ ይከተል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከልምምድ ሲመለስ ጆሮው ይጮኽበታል። ሲያድር ይተወዋል። አደጋ አለው?

መልስ፦ አለው፣ ሲያድር ይተወዋል ብላችሁ ችላ አትበሉት። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም፣ ናዮሽ፣ ለ8 ሰዓት የሚፈቅደው 85 ዴሲቤል ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የስኔር መስመር መሐል የቆመ ሰው ይህንን ገና በማሟሟቂያው ይጨርሰዋል። የአረፋ የጆሮ መድፈኛ ድምፁን ያፍነዋልና ወጣቶች ልምምዱ መሐል ያወልቁታል፤ ለሙዚቀኛ የተሠራውን ማጣሪያ ያለውን ይግዛ፣ እሱ ሁሉንም ድምፅ በእኩል ይቀንሳል። በሚገባ መግባቱን ለማወቅ ጣቶቹን ጆሮው አጠገብ እርስ በርስ ያፋትግ፤ በሁለቱም በኩል እኩል ቀንሶ ካልተሰማው አውልቆ እንደገና ያስገባው። ጩኸቱ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ የጆሮ ሐኪም ይየው።