ደመወዝ ይጨምራል፣ የሚተርፍ ግን የለም፤ የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶች

ስለ ገንዘብ አያያዝ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ለዚህ እትም ስድስቱን መርጫለሁ። አብዛኞቹ ጠያቂዎች የሚጨነቁት በየዕለቱ ከኪሳቸው ስለምትወጣው ትንሽ ገንዘብ ነው። እኔ ግን ትኩረቴ አንድ ጊዜ ተወስኖ ለወራትና ለዓመታት በሚከፈለው ወጪ ላይ ነው፤ ምክንያቱ ከመልሶቹ ይታያል።

ጥያቄ፦ ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ደመወዜ በተደጋጋሚ ጨምሯል። አባካኝ ሰው አይደለሁም፤ ከቤት ውጭ መመገብ ቀንሻለሁ፣ ወጪዬን ሁሉ በደብተር እመዘግባለሁ። ሆኖም በወሩ መጨረሻ የሚተርፈኝ ነገር የለም። የሚጎድለኝ ምንድን ነው?

መልስ፦ ደብተርዎን ያውጡና ወጪዎቹን በሁለት ይክፈሏቸው። በአንደኛው ወገን በዚህ ወር አስበው ያወጡትን ያስፍሩ፤ በሌላኛው ደግሞ ከወራት ወይም ከዓመታት በፊት ባደረጉት ውሳኔ ምክንያት ዛሬ ማንም ፈቃድዎን ሳይጠይቅ የሚከፈለውን ያስፍሩ። የቤት ኪራይ ወይም የቤት ብድር፣ የመኪና ክፍያ፣ መድን፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የኢንተርኔት ጥቅል፣ በየወሩ ከሒሳብዎ የሚቆረጥ የደንበኝነት ክፍያ ሁሉ ቦታቸው ሁለተኛው ወገን ነው። እንደ እርስዎ ያሉ ጠያቂዎች በአብዛኛው የሚታገሉት ከአንደኛው ወገን ጋር ነው፤ የደመወዙን ጭማሪ የበላው ግን ሁለተኛው ነው።

ይህ የሚሆነው በስንፍና አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፊሊፕ ብሪክማንና ዶናልድ ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳስረዱት፣ ሰው የኑሮው ደረጃ ከፍ ሲል ለጥቂት ጊዜ ይደሰትና ይለምደዋል፤ ከለመደው በኋላ ትናንት ቅንጦት የነበረው ነገር ዛሬ ሲጎድል እንደ ችግር ይታየዋል። ሰፊው ቤት ብዙ ዕቃ ይፈልጋል፤ መኪናውም ነዳጅ ብቻ ሳይሆን ማቆሚያ፣ ጥገናና መድን ይጠይቃል። ከቤት ውጭ መመገብን መተው በየቀኑ አዲስ ጽናት የሚጠይቅ ነገር ነው፤ ኪራዩ አነስ ያለ ቤት መምረጥ ግን አንድ ጊዜ ከተወሰነ በየወሩ ያለ ድካም ይቆጥባል። ስለዚህ የቤት ውሉ ወይም መድኑ የሚታደስበት ወር ሲቀርብ የሚያደርጉት ግማሽ ቀን የሚፈጅ የዋጋ ንጽጽር፣ የዓመቱን የምሳ ቁጥጥር ያህል ሊያተርፍልዎት ይችላል።

ገና ያልለመዱትን ገንዘብ መቆጠብ ደግሞ ከሁሉም ይቀላል። ኢኮኖሚስቶቹ ሪቻርድ ቴለርና ሽሎሞ ቤናርትዚ በዚህ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ዕቅድ በአንድ የአሜሪካ ድርጅት ሠራተኞች ዘንድ ሞክረው ነበር። ሠራተኞቹ የተጠየቁት ከዛሬው ደመወዛቸው እንዲቀንሱ ሳይሆን፣ ወደፊት ደመወዝ በጨመረ ቁጥር የጭማሪው የተወሰነ ክፍል ወደ ቁጠባ እንዲሄድ አስቀድመው እንዲስማሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ዕቅዱን የተቀበሉት ሠራተኞች የቁጠባ መጠን በ40 ወራት ውስጥ ከደመወዛቸው 3.5 በመቶ ወደ 13.6 በመቶ አድጓል። እጃቸው የሚገባው ደመወዝ ከቀድሞው ስላላነሰ፣ ቁጠባው እንደ ቅጣት አልተሰማቸውም።

እርስዎም ስለሚቀጥለው ጭማሪ ከአሁኑ ይወስኑ፤ ግማሹ ደመወዝ በገባበት ዕለት በራሱ ወደ ሌላ ሒሳብ እንዲተላለፍ ለባንክዎ ትእዛዝ ይስጡ። በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጡትን ክፍያዎች ደግሞ ለ12 አካፍለው የየወሩን ድርሻ ለብቻው ያስቀምጡ፤ ድንገተኛ ከምንላቸው ወጪዎች ብዙዎቹ ቀናቸው አስቀድሞ የታወቀ ነውና። ስለ ደብተሩ ከጠየቁኝ፣ የሦስት ወር መዝገብ ይበቃዎታል ባይ ነኝ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን መመዝገቡ ራሱ ከመወሰን መሸሻ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የምፈልገውን የቤት ዕቃ ሙሉ ዋጋ በአንድ ጊዜ መክፈል እችላለሁ። ሻጩ ግን «በ10 በመቶ ወለድ በ12 ወር ይክፈሉ፤ ገንዘብዎ ባንክ ተቀምጦ 7 በመቶ ይውለድልዎ» ይለኛል። ልዩነቱ 3 በመቶ ብቻ ከሆነ መቀበሉ አይሻልም?

መልስ፦ ልዩነቱ 3 በመቶ አይደለም። የዕቃው ዋጋ 12,000 ነው እንበል። ሻጩ 10 በመቶውን በመጀመሪያው ዋጋ ላይ አስልቶ 1,200 ይጨምርና ድምሩን፣ ማለትም 13,200ን፣ ለ12 ያካፍለዋል፤ የወር ክፍያዎ 1,100 ይሆናል። እርስዎ ግን 12,000ውን ዓመቱን ሙሉ ተበድረው አልቆዩም። ከዋናው ዕዳ በየወሩ 1,000 እየመለሱ ስለሚሄዱ፣ በመጨረሻው ወር በእጅዎ የሚቀረው የሻጩ ገንዘብ 1,000 ብቻ ነው፤ የዓመቱ አማካይ ዕዳም 6,500 ነው። ወለዱ በቀሪ ዕዳ ላይ ቢሰላ ኖሮ 1,200 ለማስከፈል ወደ 18 በመቶ መድረስ ነበረበት። የአገልግሎት ተብሎ 3 በመቶ በቅድሚያ የሚከፈል ከሆነ ደግሞ ወደ 24 በመቶ ይጠጋል።

በባንክ ያለው ገንዘብም እንደዚሁ ነው። ወርሃዊውን ክፍያ ከዚያው እያወጡ ስለሚከፍሉ፣ 7 በመቶው በዓመቱ መጨረሻ 840 አያስገኝልዎትም፤ የሚያገኙት የዚያን ግማሽ ያህል ነው። 1,200 ከፍሎ ከ420 የማይበልጥ ወለድ ማግኘት ትርፍ ሊባል አይችልም።

ስለዚህ ማንኛውንም የረጅም ጊዜ ክፍያ ከመቀበልዎ በፊት ወለዱ የሚሰላው በመጀመሪያው ዋጋ ላይ ነው ወይስ በቀሪው ዕዳ ላይ ብለው ይጠይቁ፤ ቀድመው ከፍለው ቢጨርሱ ወለዱ ይቀነስ እንደሆነም በጽሑፍ ይረዱ። «ያለ ወለድ» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ ደግሞ አንድ ጊዜ ለሚከፍል ሰው ዋጋው ስንት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ቅናሽ ካለ፣ የቅናሹ መጠን የተደበቀው ወለድ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ክፍያው ሲርቅ ዋጋው ቀላል ይመስላል። ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ድራዘን ፕሬሌክና ዳንካን ሲሜስተር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን ለስፖርት ጨዋታ ትኬት እንዲጫረቱ አድርገው ነበር፤ በክሬዲት ካርድ እንደሚከፍሉ የተነገራቸው፣ በጥሬ ገንዘብ እንደሚከፍሉ ከተነገራቸው እስከ እጥፍ የሚደርስ ዋጋ አቅርበዋል። ትኬቱ ያው አንድ ዓይነት ትኬት ነበር። ሻጭ ስለ ጠቅላላው ዋጋ ትቶ ስለ ወርሃዊው ክፍያ ብቻ የሚያወራውም ይህን ስለሚያውቅ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ዕቃውን በአንድ ጊዜ መግዛት ለሕመምና ለሥራ ማጣት ያስቀመጡትን ገንዘብ የሚጨርስ ከሆነ፣ ምክሬ መግዛትም መበደርም ሳይሆን ጥቂት ወራት መቆየት ነው። ለሻጩ ሊከፍሉት የነበረውን 1,100 በየወሩ ለራስዎ ያስቀምጡ፤ በ11ኛው ወር የዕቃው ሙሉ ዋጋ በእጅዎ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ርካሽ ዕቃ ስገዛ ቶሎ ይበላሻል፤ ውድ ስገዛም አንዳንዴ ያው ነው። ጥንካሬውን በምን ልለይ?

መልስ፦ በዋጋው አይለይም። አምራች የዕቃውን ዕድሜ ሆን ብሎ ሊያሳጥር እንደሚችል ከሚያሳዩት ታሪኮች የታወቀው የአምፖል አምራቾች ስምምነት ነው፤ ኦስራምንና ፊሊፕስን ጨምሮ ታላላቅ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ1924 ጄኔቫ ላይ ፌቡስ የተባለ ካርቴል፣ ማለትም ውድድርን የሚገድብ የአምራቾች ኅብረት፣ አቋቁመው የአምፖልን ዕድሜ በ1,000 ሰዓት ወሰኑ፤ አምፖሉ ከዚያ በላይ የሚቆይለት አባልም ይቀጣ ነበር። ዛሬ ጥያቄው የሚነሳው በባትሪ፣ በመለዋወጫና በሶፍትዌር ላይ ነው። ባትሪው በማጣበቂያ የተለጠፈ ስልክ፣ ወይም አምራቹ ከሁለት ዓመት በኋላ ማሻሻያ መላክ የሚያቆምለት ዕቃ፣ ሌላው አካሉ ደህና ሆኖ ሳለ ዕድሜው ያበቃል።

ሻጩን ሳይሆን ጠጋኙን ይጠይቁ። የትኛው ዓይነት ዕቃ ተበላሽቶ እንደሚመጣለት፣ የየትኛው መለዋወጫ በቀላሉ እንደሚገኝ ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ዕቃውን የሚሸጥልዎት ስላልሆነም እውነቱን ለመናገር አይቸገርም። ፈረንሳይ ከ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ ላፕቶፕን በመሳሰሉ ዕቃዎች ላይ ለጥገና ያላቸው አመቺነት ከ10 ተመዝኖ እንዲጻፍ ደንግጋለች፤ ያንኑ የዕቃ ሞዴል ሌላ አገር ለሚገዛ ሰውም ነጥቡ ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ ዋጋውን ያገለግላል ብለው በሚገምቱት ዓመት ያካፍሉትና ያወዳድሩ።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ «የዋጋ ንረት ባለበት ጊዜ ገንዘብ ማስቀመጥ ሞኝነት ነው፣ ዕቃ ግዛበት» ይሉኛል። ልክ ናቸው?

መልስ፦ ስለ ሕመሙ ልክ ናቸው፤ ስለ መድኃኒቱ ግን አይደሉም። ዋጋ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን በግምት ለማወቅ 72ን ለዓመታዊው ጭማሪ ማካፈል ይበቃል፤ ጭማሪው 8 በመቶ ከሆነ በ9 ዓመት፣ 12 በመቶ ከሆነ በ6 ዓመት እጥፍ ይሆናል። 12 በመቶ ንረት ባለበት 7 በመቶ ወለድ የሚያገኝ ሰው፣ ያስቀመጠው 100 ከዓመት በኋላ ከነወለዱ የሚገዛለት ዛሬ 95 ተኩል የሚገዛውን ያህል ነው። ኪሳራው እውነተኛ ነው።

ሆኖም ገንዘቡን የማይፈልጉት ቴሌቪዥን ላይ ቢያውሉት፣ ቴሌቪዥኑ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ የሚያጣው የመሸጫ ዋጋ ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ በዚያ ላይ በችግር ቀን ቶሎ ወደ ገንዘብ የሚለውጡት አይደለም። ከጓደኞችዎ ምክር ሊወሰድ የሚገባው፣ በማንኛውም ሁኔታ የሚጠቀሙበትንና የማይበላሸውን ነገር በብዛት መግዛት፣ ወለድ የሚበላ ዕዳ ካለም አስቀድሞ መክፈል ነው። በ18 በመቶ የሚታሰብ ዕዳን መክፈል፣ ያለ ምንም ስጋት 18 በመቶ እንደማግኘት ይቆጠራል። የሦስት እስከ ስድስት ወር የኑሮ ወጪ የሚሸፍነው መጠባበቂያ ግን ዋጋው እየቀነሰም ቢሆን በባንክ ይቀመጥ። በዓመት የሚያጡት 4 ተኩል በመቶ፣ ሥራዎ በተቋረጠ ማግስት በውድ ወለድ ላለመበደር የከፈሉት የመድን ክፍያ ነው። ከዚያ በላይ የሆነና ለረጅም ዓመታት የማይፈለግ ገንዘብ ሲኖር ነው ስለ አክሲዮን፣ ስለ መሬትና ስለ ቤት መነጋገር የሚገባው።

ጥያቄ፦ እኔ ቆጣቢ ነኝ እላለሁ፤ ባለቤቴ ግን «ቋጣሪ ሆነሻል» ይለኛል። ማን ይፍረድ?

መልስ፦ የቀነሱት ወጪ ያረፈው በማን ላይ እንደሆነ ይዩ። እርስዎ የማይፈልጉትን ነገር ስላልገዙ የተረፈ ከሆነ ቁጠባ ነው፤ ባለቤትዎ ወይም ልጆችዎ የሚፈልጉትን ስለከለከሉ የተረፈ ከሆነ ግን ባለቤትዎ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዳችሁ በየወሩ ምንም ሒሳብ የማይጠየቅበት እኩል ገንዘብ መድቡ። ትንሽም ቢሆን፣ አብዛኛውን ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ጥያቄ፦ የምንኖርበት ኢኮኖሚ በሸመታ የሚንቀሳቀስ ነው ይባላል። ሁላችንም ብንቆጥብ ንግድ ቤቶች አይዘጉም? ሠራተኞችስ ሥራ አያጡም?

መልስ፦ ጥያቄው የቆየና ክብደት ያለው ነው። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ጆን ሜናርድ ኬንስ እ.ኤ.አ. በ1936 እንደተከራከረው፣ የአንዱ ወጪ የሌላው ገቢ ስለሆነ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወጪውን ቢቀንስ የሁሉም ገቢ ይወርድና በመጨረሻ የተቆጠበው ድምር ራሱ ላይጨምር ይችላል። በአሜሪካ ከጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የቤተሰብ ፍጆታ በመሆኑ፣ ስጋቱ እንዲሁ የሚናቅ አይደለም።

ነገር ግን የኬንስ ነጥብ «በአንድ ጊዜ» በሚለው ላይ ነው። በተረጋጋ ጊዜ ቀስ በቀስ የሚቆጠብ ገንዘብ ከኢኮኖሚው አይጠፋም፤ ባንኩ ለሌላ ያበድረዋል፣ ፋብሪካና ቤት ይሠራበታል። አደገኛው ነገር ድንገተኛው መቆም ነው፤ ይህን ድንገተኛ መቆም ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ቆጣቢው ቤተሰብ ሳይሆን በዕዳ የሚሸምተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለምን ባናወጠው የገንዘብ ቀውስ በአሜሪካ የሆነው ይኸው ነበር፤ በቤታቸው ዋጋ ተማምነው ከአቅማቸው በላይ የተበደሩ ሚሊዮኖች፣ የቤቱ ዋጋ ሲወድቅና አበዳሪው ፊቱን ሲያዞር ወጪያቸውን በአንድነት ቆረጡ።

መጠባበቂያ ያለው ቤተሰብ በእንዲህ ያለው ጊዜ ኪራዩን ይከፍላል፣ ልጁን ያስተምራል፣ የተበላሸውን ያስጠግናል። ስለዚህ ጥያቄዎ የሚመለከተው ዛሬ መቆጠብዎን ሳይሆን፣ ክፉው ጊዜ ሲመጣ ያስቀመጡትን ለማውጣት መፍራት አለመፍራትዎን ነው። ለጣሪያ ጥገና ያጠራቀሙት ገንዘብ ካለና የራስዎ ገቢ ካልተቋረጠ፣ ግንበኞችና አናጢዎች ሥራ ያጡበት ወቅት ጥገናውን ለማሠራት የተሻለው ወቅት ነው፤ ባለሙያው በቀላሉ ይገኛል፣ ዋጋውም ይቀንሳል።