ብትሰረቁ የምትነቁበት ጨዋታ

ለወጣት አንባቢዎቼ፤

ዕድሜዬን የጨረስኩት የሰው መዝገብ ስመረምር ነው። ኦዲተር ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ወጥቼ ሜሪላንድ ተቀምጫለሁ። የሼባ ምክር እንደሚሰለች አውቃለሁ። ስለዚህ ስለ ቁጠባ አልሰብክላችሁም። የማወራችሁ ስለ ሃምበርገርና ስለ ጨዋታ ነው።

የበርገር ቤቱ ማክዶናልድስ ከ1987 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሞኖፖሊ በተባለው የሰሌዳ ጨዋታ ስም ሽልማት ሲያድል ኖሯል። እዚህ አሜሪካ ለዓመታት ጠፍቶ ቆይቶ በኦክቶበር 2025 ተመለሰ። ያኔ የስልክ መተግበሪያም ተጨመረበት። ስቲከሩን ከኩባያው ወይም ከቺፕሱ ካርቶን ላይ ትልጣላችሁ። አንዳንዱ እዚያው ነፃ ቺፕስ ወይም በርገር ያስገኛል። ሌላው የመንገድ ስም የተጻፈበት ነው፤ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸውን አሟልቶ የሰበሰበ ትልቅ ነገር ያገኛል። በጣም የታወቁት ሁለቱ ጥቁር ሰማያዊዎች ናቸው፤ ፓርክ ፕሌስና ቦርድዎክ። ሁለቱን ያገናኘ 1 ሚሊዮን ዶላር ይወስድ ነበር።

ልጆቹ ምን ሲሉ እሰማለሁ? “ፓርክ ፕሌስ አለኝ፤ አንድ ብቻ ነው የቀረኝ።”

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ጨዋታው የተሠራው በእያንዳንዱ ቀለም ውስጥ አንዱ ስቲከር ብርቅ፣ ሌሎቹ ግን እንደ ልብ የሚገኙ እንዲሆኑ ተደርጎ ነው። ፓርክ ፕሌስ ሞልቷል። ቦርድዎክ በአገር ሙሉ ቢፈለግ አንድ ወይም ሁለት ነው። ፓርክ ፕሌስን የያዘ ሰው ግማሽ መንገድ ሄጃለሁ ይላል እንጂ ከመነሻው ፈቀቅ አላለም። ብርቁን የማግኘት ዕድል በብዙዎቹ ዓመታት ከመቶ ሚሊዮኖች አንድ ነበር። ይህን ድርጅቱ አልደበቀም፤ በደንቡ ላይ አስፍሮታል። ግን በርገር እየበላ ደንብ የሚያነብ ማን አለ?

ደንቡ ውስጥ ሌላም ነገር አለ፤ “መግዛት ግዴታ አይደለም” ይላል። ይህ ደግነት እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ሕግ ሽልማት፣ ዕድልና ክፍያ ሦስቱ አንድ ላይ ከተገናኙ ነገሩ ሎተሪ ይባላል፤ የግል ድርጅት ደግሞ ሎተሪ ማካሄድ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ክፍያውን ያወጡታል፤ ሳይገዙ በፖስታ ጠይቆ መሳተፍ ይቻላል ይላሉ። ይቻላል፤ እውነት ነው። ቴምብር ገዝቶ፣ ፖስታ ላይ አድራሻውን ጽፎ የሚልክ ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው ትልቁን ኩባያ ያዛል። የዘመቻው ዓላማም እሱው ነው፤ ነፃዋን ቺፕስ ለመውሰድ ተመልሶ የመጣ ሰው ለስላሳውን ይገዛል። ነውር ነው አልልም። ንግድ ነው።

አሁን ለእኔ ሙያ ወደሚቀርበው ልግባ። ይህን ታሪክ ሰምታችሁ ሊሆን ይችላል፤ በኦዲተር ዓይን ግን ምናልባት አላያችሁትም።

ስቲከሮቹን ያዘጋጅ የነበረው ማክዶናልድስ ራሱ ሳይሆን ሳይመን ማርኬቲንግ የተባለ ድርጅት ነበር። የዚያ ድርጅት የደኅንነት ኃላፊ ጀሮም ጃኮብሰን ይባላል፤ የቀድሞ ፖሊስ ነው። ሥራው አሸናፊዎቹ ስቲከሮች እንዳይሰረቁ መጠበቅ ነው። ስቲከሮቹ በታሸገ ፖስታ ሆነው እሱው ይዟቸው ይጓዛል። ብቻውን እንዳይሆን ደግሞ አንዲት የውጭ ኦዲተር አብራው ትሄዳለች። ፖስታው ላይ ተነክቶ እንደሆነ የሚያስታውቅ ማኅተም አለ። በወረቀት ላይ ሲታይ ሁሉም ነገር ተሟልቷል።

ታዲያ አንድ ቀን ትርፍ ማኅተሞች በስህተት ለእሱ ተላኩለት። ከዚያ በኋላ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ወንዶች ሽንት ቤት ይገባል፤ ኦዲተሯ ተከትላው አትገባም። ፖስታውን ከፍቶ አሸናፊውን ያወጣል፣ ተራ ስቲከር ይተካል፣ መልሶ ያሽጋል። አለቀ። ቁጥጥሩ በሙሉ በአንድ ሽንት ቤት በር ላይ ቀረ። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሳቄ ይመጣል፤ የሙያ ባልደረባዬ የኦዲተሯ ነገር ግን ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ጠባቂውንና ተጠባቂውን ዕቃ አንድ እጅ ላይ ያስቀመጠው አሠራር ነው ጥፋተኛው።

ከ1989 እስከ 2001 ድረስ ትልልቆቹ ሽልማቶች ከሞላ ጎደል በሙሉ በሰውዬው ዘመዶች፣ ወዳጆችና ደላሎች በኩል ወጡ። ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። በመሃል በ1995 ማን እንደላከው ያልታወቀ ፖስታ ቴነሲ ውስጥ ለሚገኘው ለሴንት ጁድ የሕፃናት ሆስፒታል ደረሰ፤ ውስጡ የ1 ሚሊዮን ዶላር ስቲከር ነበረበት። ላኪው ራሱ ጃኮብሰን መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። በደንቡ መሠረት ስቲከር ለሌላ ማስተላለፍ አይቻልም ነበር፤ ማክዶናልድስ ግን ለሆስፒታሉ ከፈለ። የተሰረቀ ገንዘብ ለታመሙ ሕፃናት ሲሄድ ምን ይባላል? እኔም እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁለትም።

ኤፍቢአይ ከጥቆማ ተነስቶ ነገሩን ከጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ ቢሮው ተከታተለው። በየግዛቱ አሸነፍን ያሉት ሰዎች ሲጣሩ እርስ በርስ የሚተዋወቁ ሆነው ተገኙ። በኦገስት 2001 እስሩ ተጀመረ፤ በመጨረሻ 50 ያህል ሰዎች ተፈረደባቸው። ጃኮብሰን 37 ወር እስራትና የ12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተበየነበት። ችሎቱ የጀመረው ሴፕቴምበር 10፣ 2001 ነው። በማግስቱ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ስለ ስቲከር የሚያወራ ጠፋ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ሌባው አይደለም። ደንበኛው ነው። ለአሥር ዓመት ከዚያም በላይ ትልቁ ሽልማት እየተሰረቀ፣ ወረፋ ይዞ ስቲከር የሚልጠው ሰው ምንም አልታወቀውም። ሊታወቀውም አይችልም። ሌባ ባይኖርም ባዶ እጁን ነበር የሚመለሰው። በሐቀኛው ዓመትና በተዘረፈው ዓመት መካከል እሱ ከቆመበት ቦታ ምንም ልዩነት የለም። ዕጣው ያለቀው ገና እሱ በሩን ሳይከፍት፣ ሌላ ሰው እጅ ላይ ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ገንዘባችሁን ወይም ጊዜያችሁን የሚጠይቅ ነገር ሲመጣ እኔ የምጠይቀውን አንድ ጥያቄ ጠይቁ። እዚህ ውስጥ ብሰረቅ አውቃለሁ ወይ?

ሞኖፖሊን ራሱን ከዚህ ጥያቄ ጋር አስተያዩት። ጨዋታውን የፈለሰፈችው ኤሊዛቤት ማጊ የምትባል አሜሪካዊት ናት፤ የባለቤትነት መብቱን በ1904 አስመዘገበች። ያኔ ስሙ “የባለርስቱ ጨዋታ” ነበር። መሬት በጥቂት ሰዎች እጅ ሲገባ ሌላው እንዴት እንደሚደኸይ ለማሳየት ነው የሠራችው፤ የመሬት ግብር ይከፈል የሚለውን የኢኮኖሚ ጸሐፊውን የሄንሪ ጆርጅን ሐሳብ ትደግፍ ነበር። ሰው ግን ትምህርቱን ትቶ ማደኽየቱን ወደደው። በ1935 ቻርልስ ዳሮው የተባለ ሰው የራሴ ነው ብሎ ለጨዋታ አምራቹ ለፓርከር ብራዘርስ ሸጠው። ማጊ 500 ዶላር ተሰጣት፤ እሱ ሚሊየነር ሆነ። የእሷ ድርሻ በሰፊው የታወቀው በ1970ዎቹ በተነሳ የፍርድ ቤት ክርክር ነው። እንግዲህ ማጊ መሰረቋን ታውቅ ነበር፤ የሚሰማት ነው ያጣችው።

ሰሌዳው ላይ ስትጫወቱ ግን ሁሉም ነገር ጠረጴዛ ላይ ነው። በዳይስ እየዞራችሁ መንገድ ትገዛላችሁ፣ ቤትና ሆቴል ትሠሩበታላችሁ፣ ካረፈበት ተጫዋች ኪራይ ትቀበላላችሁ። ዳይሱ ሁላችን ፊት ይወድቃል። ስድስት ፈልጌ ሦስት ቢወጣብኝ አዝናለሁ እንጂ አልጠረጥርም። ከዚያ በኋላ ደግሞ የምወስነው አለ። ሰሌዳው ላይ ያለው እስር ቤት ተጫዋች በብዛት የሚያርፍበት ቦታ ስለሆነ፣ ከሱ ስድስት፣ ስምንትና ዘጠኝ እርምጃ ርቀው ያሉት ብርቱካናማዎቹ መንገዶች ከቦርድዎክ የተሻለ ያዋጣሉ። ቦርድዎክ 400 ዶላር ተከፍሎበት ሰው ሳይረግጠው ሊያመሽ ይችላል። መንገድ ላይ የሚሠሩት ቤቶችም በጠቅላላው 32 ብቻ ናቸው፤ ብልህ ተጫዋች ወደ ሆቴል ሳያሳድግ ቤቶቹን ይዞ ባላንጣው እንዳይሠራ ያደርገዋል። ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ሕግ ደግሞ አለ፤ አንዱ ያረፈበትን ቦታ አልገዛም ካለ ወዲያው ጨረታ መውጣት አለበት። ጨዋታው ማለቂያ የለውም ብላችሁ የምታማርሩት ይህን ሕግ ስለዘለላችሁትና “ነፃ ፓርኪንግ” በሚባለው ቦታ ላይ ላረፈበት የሚሰጥ ገንዘብ ስለምታጠራቅሙ ነው። እሱ ደንቡ ውስጥ የለም። ደንቡን አንብቡ፤ አጭር ነው።

የኛዎቹ ጨዋታዎች ደግሞ ከዚህም ይበልጣሉ። ገበጣ ላይ ዳይስ እንኳ የለም። ጠጠሩ ይቆጠራል፣ ጉድጓዱ ይታያል፣ የተደበቀ ነገር የለም። አንዲት ጠጠር በእጁ ውስጥ ያስቀረ ሰው ወዲያው ይነቃበታል፤ ዳር የቆመው ተመልካችም አይምረውም። የጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ መክፈቻው ወረራ ይባል ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። ዙሪያውን የተቀመጠው ሰው ሁሉ እየጮኸ ይመክራል። ለእኔ እነዚያ ተመልካቾች ደመወዝ የማይከፈላቸው ኦዲተሮች ናቸው። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ እነሱ ቢኖሩ ኖሮ ሽንት ቤት ድረስ ይከተሉት ነበር።

ዳማን ደግሞ በቆርኪ ነው የተማርነው። አንዱ ቆርኪውን ፊቱን ወደ ላይ፣ ሌላው ገልብጦ ይደረድራል፤ ሰሌዳው ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ የተሠመረ ነው። አገር ቤት በለስላሳና በቢራ ቆርኪ ሥር ዕጣ ሲወጣ አይታችኋል። ያ ሁሉ ባዶ የወጣ ቆርኪ የትም አይጣልም፤ ዳማ ሰሌዳ ላይ ሲገባ ንጉሥ የመሆን ዕድል አለው። እኔ ይህን የቆርኪ ሁለተኛ ሕይወት ከመጀመሪያው እመርጣለሁ።

ዕጣን ናቁ እያልኩ አይደለም። ስንቶቻችን በዲቪ አይደል የመጣነው! ዕቁብም ዕጣ አለው። ግን ዕቁብ ላይ ዕጣው የሚወስነው ተራን ብቻ ነው፤ ሁሉም የከፈለውን ያገኛል። የሚወጣውም በአባላቱ ፊት ነው። አንዱ ሁለት ጊዜ ቢደርሰው ቡናው ሳይቀርብ ጉዱ ይፈላል። የተማረው ሰው ሥርዓተ ቁጥጥር የሚለውን እናቶቻችን ያለ ወረቀት ሠርተውታል።

ስለ ኳስ ውርርድ ቤቶችም ልትጠይቁኝ እንደምትችሉ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ላይ በየጥጉ አይተናቸዋል፤ እዚህ ደግሞ በስልካችሁ ውስጥ ናቸው። ኳሱ በእርግጥ ሁሉም ፊት ነው የሚገባው። ክፍያውን የሚተምነው ግን ቤቱ ነው፤ ሲተምን የራሱን ድርሻ አስቀድሞ ያስቀምጣል። እናንተ ስለ ኳስ ስታስቡ እሱ ስለ ሂሳብ ነው የሚያስበው። “በአንድ ጎል ነው የተበላሁት” የሚል ወጣት ፓርክ ፕሌስ ይዞ እንደሚዞረው ልጅ ነው፤ ነቄ ነኝ ሲል የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው።

ሥራ ስትቀጠሩም ጥያቄው ያገለግላል። ኮሚሽን እንከፍልሃለን ሲሏችሁ፣ ስንት እንደሸጣችሁ ራሳችሁ መቁጠር ትችላላችሁ ወይስ እነሱ የሚነግሯችሁን ትቀበላላችሁ? የሽያጩን መዝገብ ማየት ካልቻላችሁ፣ ኮሚሽኑ 5 በመቶም ሆነ 20 በመቶ ብዙ ትርጉም የለውም። እኔ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ብዙ ሰው ስለ መቶኛው ሲከራከር አይቻለሁ። መዝገቡን አሳዩኝ የሚል ግን እምብዛም አልገጠመኝም። መጀመሪያ ስትጠይቁ ነገረኛ ትባላላችሁ፤ ግድ የለም።

በርገሩን ብሉ። ስቲከሩንም ላጡ፤ ነፃ ቺፕስ ከወጣላችሁ ውሰዱት። ቅዳሜ ማታ ግን ስልኩን አስቀምጣችሁ ከታናናሾቻችሁ ጋር ገበጣ ሞክሩ። ሰሌዳ መግዛት አያስፈልግም፤ የአሥራ ሁለት እንቁላል ካርቶን ስድስት ስድስት ሆኖ ሁለት ረድፍ ይወጣዋል። በየጉድጓዱ አራት አራት ባቄላ ጨምሩ። አጨዋወቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት በየትኛው ሕግ እንደምትጫወቱ ተስማሙ፤ አያት ካለች የእሷ ሕግ ይጽና። ባቄላው 48 መሆኑን ደግሞ መጀመሪያም መጨረሻም ቁጠሩ።