«ማያን» ወይስ «ማያ»?

ጥያቄ፦ ስለጠፋ የማያ (የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ነባር ሕዝብ) ሀብት ፍለጋ የሚተርክ የጀብዱ ልብ ወለድ ከእንግሊዝኛ እየተረጎምኩ ነው። ሕዝቡን «ማያኖች» ልበል ወይስ «ማያዎች»? የቦታና የሰው ስሞቹንስ በየትኛው ፊደል ልጻፍ?

መልስ፦ «ማያዎች» ይበሉ። «ማያን» ላይ ያለችው «ን» የእንግሊዝኛ ቅጥያ ናት፤ አማርኛ ውስጥ ስትገባ የተሳቢ «ን» ትመስላለች። «ዘራፊዎቹ ማያን ከተማ አገኙ» ቢሉ አንባቢ ማን ማንን እንዳገኘ ይጠፋዋል። «የማያ» ራሱ ወጥመድ አለው፤ የመስመር መጨረሻ ላይ ከወደቀ ዓይን «የማያልቅ» ወይም «የማያውቅ» ሊል ይቸኩላል። «የማያዎች ሀብት» ሲባል ግን ይጠራል።

በስሞቹ በኩል የእኛ ፊደል ከላቲኑ ይበልጥ ይመቻል። በሜክሲኮ የዩካታን ልሳነ ምድር የሚነገረው የዩካታን ማያ ቋንቋ በጉሮሮ ታፍነው ፈንድተው የሚወጡ አምስት ድምፆች አሉት፤ አምስቱም በጰ፣ ጠ፣ ጸ፣ ጨ፣ ቀ ልክክ ይላሉ። ላቲኑ ጭረት እየጨመረ የሚጽፈውን እኛ በአንድ ፊደል እንጨርሳለን። እ.ኤ.አ. ከ615 እስከ 683 የማያዎችን ከተማ ፓሌንኬን የገዛው ንጉሥ «ቂኒች ሃናብ ፓካል» ነው፤ «ኪኒች ጃናብ» አይደለም፤ እዚያ የላቲኑ «ጄ» (J) የ«ሀ» ድምፅ አለው። ላባማው እባብ አምላክም «ቁቁልካን» ይባላል። «ኤክስ» (X) ደግሞ «ሽ» ነው፦ ኡሽማልና ያሽቺላን (ጥንታዊ ከተሞች)፣ ሺባልባ (የሙታን ዓለም)። «ኡክስማል» ብዙ ጊዜ የሚታይ ስሕተት ነው።

ካርታ ላይ የጸኑ ስሞችን ግን አይንኩ፤ አንባቢ ሊፈልጋቸው ይችላል። በዩካታን ያለችው ጥንታዊት ከተማ «ቺቼን ኢትሳ» እንዳለች ትቆይ («ኢጻ» አይሁን፤ እዚህ ድምፁ አይፈነዳም)። ገጸ ባሕሪው ማያ ተናጋሪ ሆኖ ስሙን ሲፈታ ግን «ቺ» አፍ፣ «ጬኤን» ጉድጓድ ይሁን፤ ሲገጠም «የኢትሳዎች (የአንድ የማያ ጎሳ) ጉድጓድ አፍ» ማለት ነው። አማርኛም ጉድጓድን አፍ አለው ስለሚል በስሙ ውስጥ ያለው የምስጢር ፍንጭ ሳይደበዝዝ ይሻገርልዎታል። «ሴኖቴ» የሚባለው የውኃ ጉድጓድም መነሻው «ጾኖኦት» ነው፤ ስፔኖች «ጸ» ስለሌላቸው ወደ «ሰ» አወረዱት።

ሀብቱን በተመለከተ፣ «ጄድ»ን «ዕንቁ» ብለው አይተርጉሙ። ዕንቁ ሲባል ብዙ አንባቢ ከባሕር የሚወጣውን ነጩን ያስባል፤ ጄድ ግን ከጓቲማላው የሞታጓ ሸለቆ የሚወጣ ጠንካራ አረንጓዴ ድንጋይ ነው። መጀመሪያ «ጄድ የተባለው አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ»፣ ከዚያ «ጄድ» ብቻ ይበቃል። በልብ ወለዱ ውስጥ ዘራፊው «ሀብት» ይበል፤ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዋ «ቅርስ» ትበል። ሁለቱም በአንድ ቃል ከጠሩት የጠባቸው ምክንያት ይጠፋል።