ልጅሽን ዳጊስ ለምታስገቢው እህት፦ ከሁለት ልጆች ያየሁትን ልንገርሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያነበብኩት ማታ ፈረቃ ጨርሼ አውቶቡሱን ካቆምኩ በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ ስዊድን ከገባችሁ ሰባት ወራችሁ። ልጅሽ 2 ዓመት ከ4 ወሯ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የኮሙኑ (የከተማው አስተዳደር) ዳጊስ፣ ማለትም መዋለ ሕፃናት፣ ትጀምራለች። የጠየቅሽው ሦስት ነገር ነው። በዚህ ብርድ ውጭ ያውሏቸዋል የሚባለው እውነት ነው ወይ? ጨዋታ ብቻ ከሆነ መቼ ነው የሚማሩት? አማርኛዋስ? ከሥር «አይዞሽ ትለምዳለች» የሚል መልስ ተደርድሯል። ትለምዳለች፣ እሱስ እውነት ነው። አንቺን ያስጨነቀሽ ግን ዝርዝሩ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝመው። ወንዱ ልጄ አሁን 9 ዓመቱ ነው። ሴቷ 4 ሆናለች፣ እሱ በወጣበት ዳጊስ ናት።

ከብርዱ ልጀምር። አዎ፣ ያወጧቸዋል። በየቀኑ፣ በዝናብም በበረዶም። «መጥፎ አየር የለም፣ መጥፎ ልብስ እንጂ» የሚሏት አባባል አለቻቸው፤ በመጀመሪያው ወር ብቻ ከአራት ሰው ሰምቻታለሁ። ትንንሾቹን እንዲያውም በጋሪያቸው እንደተጠቀለሉ ውጭ ያስተኟቸዋል። የልጁን ፎቶ ደሴ ላለችው እናቴ ልኬላት ነበር። ጋሪው ላይ በረዶ ጣል ጣል ብሎበታል። ደውላ «ምነው፣ ለጅብ ሰጣችሁት?» አለችኝ። ልጁ ግን ቤት ውስጥ ከሚተኛው የበለጠ ነበር እዚያ የሚተኛው።

እኔ የተሳሳትኩት ልብሱ ላይ ነው። ያለ እኔ በዋለበት የመጀመሪያ ቀን አዲስ ነጭ ስኒከርና የተተኮሰ ሸሚዝ አልብሼ ወሰድኩት። ሊወደድልኝ። ከሰዓት ስመለስ ከአገጩ እስከ እግሩ ጭቃ ነው። አስተማሪዋ ደስ ብሏት «ዛሬ ግድብ ሠሩ!» አለችኝ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ እንላለን አይደል? እዚህ ግልባጩ ነው፤ የሚበጣጠሰውን አልብሰሽ ላኪያት። ከውስጥ ሱፍ፣ በላዩ ወፍራም ኦቨሮል። ለዝናብ ጋሎን የሚሉት የላስቲክ ሱሪና ቦት ጫማ። ጓንት ሁለት ጥንድ አይበቃም፣ ሦስት አድርጊው። እያንዳንዱ ላይ ስሟን ጻፊ፤ ካልሲም ቢሆን። ቅያሪ ልብስና ዳይፐርም ከቤት ነው የሚሄደው። የልብስ ቁጥሩ በልጁ ቁመት ስለሆነ ለሷ 92 ወይም 98 ይሆናል። አዲስ አትግዢ፣ በሦስት ወር ይጠባል። ሎፒስ የሚሉት ያገለገለ ዕቃ ገበያ ሄደሽ በሩብ ዋጋ ታገኛለሽ። እርጥቡን ልብስ እነሱ ማድረቂያ ቁም ሳጥን ውስጥ ይሰቅሉታል፣ ስለሱ አታስቢ።

ከዚያ ኢንስኩልኒንግ የሚሉት ማለማመጃ አለ። አንዳንድ ቦታ ሦስት ሙሉ ቀን ነው፣ የእኛ ሁለት ሳምንት ነበር። አብረሻት ትውያለሽ። ወለል ላይ ትቀመጫለሽ፣ እሷ እየሄደች ትመለሳለች። ቀስ በቀስ መጀመሪያ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ሰዓት ትወጫለሽ። ስትወጪ ተደብቀሽ እንዳታመልጪ። እኔ አንድ ቀን ጫማውን ሲያይ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ ሱሪዬን ለቀቅ አላደርግ አለ። ነግረሻት፣ ስመሽ፣ በመስኮቱ እጅ አውለብልበሽ ሂጂ። ለዚሁ ተብሎ የተመደበ መስኮት አላቸው፤ ከሥሩ የልጆች መቆሚያ ሣጥን አለ። ታለቅሳለች። አንቺም ታለቅሻለሽ። እኔ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ነው ያለቀስኩት፣ ማንም እንዳላየኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

በዚሁ ሳምንት የሆነውን ልንገርሽ። በአምስተኛው ቀን ምሳ ላይ ነው። ልጆቹ ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ድንችና ዓሣ በጎድጓዳ ሣህን መሐል ቀርቧል፣ የሁለት ዓመት ልጅ በማንኪያ ለራሱ ይጨልፋል። የኔ ልጅ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ዝም ብሎ ይጠብቃል። አስተማሪዋ ግራ ገባት፣ ጥርሱን ያመዋል መሰላት። እኔ ገብቶኛል። ልጁ እስከዚያ ቀን ድረስ በእጁ በልቶ አያውቅም፤ እናቱ፣ እኔ፣ የመጣ እንግዳ ሁሉ ነው የሚያጎርሰው። ጉርሻ ምን እንደሆነ ባለችኝ ስዊድንኛ ላስረዳት ሞከርኩ። ሳቀች፣ አልፈረደችብኝም። «እዚህ እንጠብቀዋለን፣ ቤት ደግሞ እንደምታደርጉት አድርጉ» አለችኝ። ሦስት ቀን ድንቹን ሲያይ ከረመ። በአራተኛው ቀን ማንኪያውን አነሳ። ልጅሽ እንደኛ ልጅ ከሆነች ካሁኑ ማንኪያ አስይዣት። ምሳ ዕቃ አትቋጥሪ፣ ምግቡ ከእነሱ ነው። የማትበላው ነገር ካለ፣ አለርጂም ይሁን በሃይማኖት፣ ቅጽ ላይ ትሞዪዋለሽ።

አሁን ወደ ትምህርቱ። «ቀኑን ሙሉ ምን ተማርሽ ስላት ተጫወትኩ ትላለች» የሚለው የብዙዎቻችን ብሶት ነው። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ በ4 ዓመቷ ኤቢሲዲ ጨርሳ የቤት ሥራ ይዛ ትመጣለች። ቪዲዮውን ስትልክልኝ ቀናሁ፣ አልዋሽም። የኔዋ በዚያው ዕድሜ ይዛ የመጣችው ኪስ ሙሉ ጠጠር ነው። ደብተር ከፈለግሽ አታገኚም። ትምህርቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ እሱን ለማየት ዓይን መልመድ አለበት።

ለምሳሌ ጠዋት ፍራፍሬ እየበሉ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ዛሬ ስንት ነን? ማን የለም? የቀረውን ልጅ ፎቶ አንስተው ቤት የሚል ሥዕል ሥር ይለጥፉታል። 14 ነበርን፣ ሁለት ቀሩ፣ ስንት? ቁጥር መቀነስ ነው፤ ማንም ግን ሒሳብ ነው አላላቸውም። ምሳ ሲደርስ ተራ የደረሰው ልጅ ሣህን ያድላል። ለስድስት ሰው ስድስት ሣህን፣ ስድስት ብርጭቆ። ባለፈው ክረምት በባልዲ በረዶ ወደ ውስጥ አስገብተው ሲቀልጥ ጠብቀዋል። ልጄ ማታ ቤት መጥታ ድስት ሙሉ በረዶ ካላመጣህ ብላ አስወጣችኝ። ምድጃው አጠገብ ወንበር ላይ ቆማ ሲቀልጥ ታያለች። ከሥሩ የቀረችውን ውሃ አይታ «አባዬ፣ ያ ሁሉ በረዶ ይቺ ብቻ ነው?» አለችኝ። እኔ ይህን የተማርኩት ስድስተኛ ክፍል ነው፣ ያውም በቃል።

ልብስ መልበሱ ራሱ ትምህርት ነው። ኦቨሮሉን ወለል ላይ ይዘረጉታል፣ ላዩ ላይ ይቀመጣሉ፣ አንድ እግር፣ ሌላ እግር። አስተማሪዎቹ እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ። ለመውጣት ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። መጀመሪያ ሳይ ደሜ ፈላ፤ አንስቼ ላለብሰው ስል አስተማሪዋ በዓይኗ አስቆመችኝ። አሁን የ4 ዓመቷ ልጄ ዚፗን ስነካባት «ራሴ!» ብላ ትቆጣኛለች።

ደግሞ ዝም ብሎ የሚሠራ አይምሰልሽ። የአገር አቀፍ ሥርዓተ ትምህርት አላቸው። የመጀመሪያው በ1998 የወጣ ነው፣ በሐምሌ 2019 ደግሞ አዲስ መጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምልሽ)። ጨዋታ የመማሪያው መሠረት ነው ይላል። ማርክ የለም፣ ልጅን ከልጅ ማወዳደርም የለም። ቢያንስ በዓመት አንዴ ስለ ልጅሽ ለብቻሽ ቁጭ አድርገው ያነጋግሩሻል። ፊደሉ 6 ዓመት ሲሆናት በምትገባበት ክፍል ይመጣል፣ እሱ ከ2018 ጀምሮ ግዴታ ነው። ሀሁ ግን ከፈለግሽ አንቺ አስተምሪያት። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ በኖራ ጠመኔ በረንዳ ላይ እንጽፋለን።

የማልወደውም አለ። የትምህርት ባለሥልጣኑ መመሪያ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላሉት አንድ ቡድን ውስጥ ከ6 እስከ 12 ልጅ ይሁን ይላል። መመሪያ ነው፣ ሕግ አይደለም፤ የወንዱ ልጄ ቡድን 17 ነበር። አስተማሪ ሲታመም ደግሞ የማያውቁት ተተኪ ይመጣል። አንድ ሳምንት ሦስት የተለያየ ሰው ገባ። በዚያው ሳምንት ልጁ በየቀኑ ሱሪው እርጥብ ሆኖ በፌስታል ተጠቅልሎ ይሰጠኝ ጀመር። ሽንት ቤት መሄድ ከለመደ ስድስት ወሩ ነበር። ለካስ «ሽንቴ መጣ» ይላል፣ ተተኪዋም ፈገግ ብላ ራሷን ትነቀንቅለታለች።

ተናደድኩ፤ ቁጣ ግን ሱሪ አያደርቅም። ማታ ቁጭ ብዬ አሥር ቃል በላቲን ፊደል ጻፍኩ፣ አጠገቡ ትርጉሙን። ሽንት፣ ውሃ፣ አመመኝ፣ በቃኝ፣ እቀፊኝ፣ እንቅልፌ መጣ፣ ይሄ የኔ ነው... ለአስተማሪዎቹ ሰጠኋቸው፣ ማቀዝቀዣቸው በር ላይ ለጠፉት። ሱሪው ደረቀ። ከወር በኋላ ልወስደው ስሄድ ያቺ ዋናዋ አስተማሪ ልጄን «ጎበዝ! ና!» ስትለው ሰማሁ። ነገ ዛሬ ሳትዪ ይህን ወረቀት አዘጋጂ። ከሁሉም ምክሬ ይቺን ያዢልኝ።

ስለ አማርኛዋ የምልሽም ከዚሁ ይቀጥላል። የትምህርት ሕጉ ዳጊስ ልጆች ሁለቱንም ቋንቋ፣ ስዊድንኛንም የቤታቸውንም፣ እንዲያሳድጉ መርዳት አለበት ይላል። ይህ ማለት ግን አማርኛ አስተማሪ ይቀጥሩልሻል ማለት አይደለም። አማርኛው የእናንተ ሥራ ነው። «ቶሎ እንድትለምድ» ብላችሁ ቤት በስዊድንኛ እንዳትጀምሩ። የኛ ስዊድንኛ የኤስኤፍኢ፣ የስደተኞች ቋንቋ ትምህርት ቤት፣ ስዊድንኛ ነው፤ ከኛ ብትማር ስህተታችንን ነው የምትወርሰው። እሱን ከልጆቹ ታገኘዋለች። ወንዱ ልጄ 4 ዓመቱ ላይ በአማርኛ ስንጠይቀው በስዊድንኛ መመለስ ጀመረ። አልተቆጣንም፣ ያለውን በአማርኛ ደግመን እንልለትና ወሬው ይቀጥላል። አሁን ከአያቱ ጋር በስልክ ግማሽ ሰዓት ያወራል። ሴቷ ደግሞ ትቀላቅላለች። ቦት ጫማ እዚህ ስቶቭላር ነው የሚባለው፤ «አባዬ ስቶቭላሬን አውልቅልኝ» ትለኛለች። ደስ ይላል እኮ።

አንድ ነገር ብቻ ተዘጋጂበት። እዚህ አስተማሪም ዳይሬክተርም በስሙ ነው የሚጠራው፣ ሁሉም «አንተ» ነው። ልጄ በስልክ አያቷን «አንቺ፣ ምን በላሽ?» አለቻት። ደሴ ላይ ትንሽ ዝምታ ሆነ።

ወጪውን በአጭሩ። የመጀመሪያ ልጅ ክፍያ ከቤተሰቡ ያልተጣራ ገቢ 3 በመቶ ነው፣ ጣሪያ አለው። ሁለተኛ ልጅ 2፣ ሦስተኛ 1፣ ከአራተኛው ጀምሮ ነፃ። 3 ዓመት በሚሞላት ዓመት ከመጸው ጀምሮ በሳምንት 15 ሰዓቱ ለሁሉም ነፃ ይሆናል። ገቢያችሁ ሲቀየር አሳውቁ፤ ኋላ ተመልሰው ይቆጥሩታል። አንቺ ኤስኤፍኢ ስለምትማሪ የትምህርትሽና የመንገድሽ ሰዓት ይታሰብልሻል። ሥራ ፈላጊ ብትሆኚም 15 ሰዓቷ አይቀርባትም። የእኛ ዳጊስ በነሱ 6፡30 ነው የሚከፈተው፣ በኛ 12 ሰዓት ተኩል። ለእንደኔ ዓይነት ፈረቃ ሠራተኛ እሱም ይዘገያል፤ ጠዋት ጠዋት ሚስቴ ናት የምታደርሳት።

የመጀመሪያው ክረምት በሽታ ነው። ንፍጥ፣ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ እንደገና ንፍጥ። ካስመለሳት፣ ማስመለሱ ካቆመ በኋላ ሁለት ቀን አታምጧት ይሉሻል። ባልሽ ተቀጣሪ ከሆነ ቫብ የሚሉት አለ፤ የታመመ ልጅ ለመጠበቅ ሲቀር ከደሞዙ 80 በመቶ ገደማ ይከፈለዋል፣ ለአንድ ልጅ በዓመት እስከ 120 ቀን። የካቲትን (የእነሱን ፌብሩዋሪ) እየቀለዱ ቫብሩዋሪ ይሏታል፤ ስትደርስ ይገባሻል።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ልጨምር። ልጅ መምታት እዚህ ከ1979 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው፣ በዓለም የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው። የዳጊስ ሠራተኛ ከጠረጠረ ዝም የማለት መብት የለውም፣ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ላስፈራራሽ አይደለም። እዚህ ወሬው ተጋኖ «ልጅ ይቀማሉ» እየተባለ ስለሚናፈስ፣ ብዙ ሰው አስተማሪዎቹን ይሸሻል። አትሽሺያቸው። ስትወስጃት አምስት ደቂቃ ቁሚ። በላች? ተኛች? ከማን ጋር ተጫወተች? ስዊድንኛሽ ቢሰበርም ጠይቂ። እኔ ከኤስኤፍኢ ይልቅ እዚያ ኮሪደር ላይ ነው የተናገርኩት።

የልብስ ቁጥሯን በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ምድር ቤት መጋዘናችን ውስጥ 92 ቁጥር ኦቨሮልና አንድ ጋሎን ሱሪ አለ፣ ሰማያዊ ነው፣ ጉልበቱ ላይ ትንሽ ተልጧል። ጓንቱም አለ፣ የቀኙ ብቻ። የግራው እዚያው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ቀርቷል።