«ሐሳብ» ወይስ «ጭንቀት»?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ የሥነ ልቦና ተማሪ ነኝ። ሰው በየዕለቱ ምን ያህል እንደሚያስብ የሚለካ የእንግሊዝኛ መጠይቅ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ዎሪ» (worry) የሚለውን «ጭንቀት» አልኩት። እናቴ ግን አልተዋጠላትም፤ «ሐሳብ በይው» ትለኛለች። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ እናትሽ ልክ ናቸው። ድሬ ላይ በግንቦት ቀትር «ጨነቀኝ» ያለ ሰው ወበቁን ሊሆን ይችላል የሚያማርረው። ጭንቅ መጥበብ ነው፣ መታፈን ነው። ምጥ የያዛትንም ሴት «ጭንቅ ላይ ናት» እንላለን። የቤት ኪራዩ ሌሊት ሲያብሰለስለን ግን «ሐሳብ ገባኝ» ነው። ሰው ስናጽናናም «አይዞሽ፣ አታስቢ» ነው የምንለው።

«ሐሳብ ማንኛውም ማሰብ ነው፤ ለመለኪያ ይሰፋል» የሚሉ አሉ። አልቀበላቸውም። በግዕዝ ሐሰበ ቆጠረም፣ አሰላም ነው። ባሕረ ሐሳብ የዘመን መቁጠሪያ የሆነው ለዚህ ነው። የዐረብኛው ሒሳብና የዕብራይስጡ ሐሻብ ዘመዶቹ ናቸው። እዚህ ሐረር ሻይ ጠጥተን «ሒሳብ!» ስንል ያንኑ ሥር ነው የምንጠራው። ሐሳብ የገባውስ ሰው ምን ያደርጋል? የሌለውን ብር ይቆጥራል፣ ያልመጣውን ቀን ያሰላል። ደግሞ በሐመሩ ሐ ጻፊው፤ አደራ።

የመለኪያው ተገቢነት፣ ማለትም ሊለካ የተፈለገውን መለካቱ፣ የሚፈተነውም እዚሁ ላይ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ አንቺ የምትተረጉሚው የፔን ስቴት (የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ) መጠይቅ 16 ዓረፍተ ነገሮች አሉት። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ያገኛል፤ ድምሩ ከ16 እስከ 80 ነው። ሙቀት ያማረረው ሰው 70 ቢያመጣ ምን ለካን? አስተማማኝነቱ፣ ማለትም የመልሶቹ እርስ በርስ መስማማት፣ ጉዳዩን አያጋልጠውም። ሁሉም ዓረፍተ ነገር በአንድ ቃል ከሳተ፣ መልሶቹ እርስ በርስ ይስማማሉና። ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ማስተርጎምም አያድንሽም፤ ተርጓሚው «ጭንቀት»ን ሲያይ የለመደውን ቃል ይሰጥሻል። ይልቅ ወደ ድሬ ሰፈሮች፣ ወደ ከዚራና ወደ መጋላ ውጪ። ዓረፍተ ነገሩን ለሰፈሩ ሰዎች አንብበሽላቸው «ምን ማለት ነው?» በያቸው።

የኔም ቃል እንከን አለው። ከ16ቱ 5ቱ ተገልብጠው የተጻፉ፣ ሐሳብ የለብኝም የሚሉ ናቸው። እዚያ «ሐሳብ አይገባኝም» ካልሽ ነገር የማይገባው ሰው ይመስላል። «አያሳስበኝም» በይ።

ጭንቀት ክሊኒኩንም ሬዲዮኑንም ይዟል። ወጣቱ የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ እንኳ «ጨነቀኝ» ይላል። ለጆሮዬ ይከብዳል፣ ግን አማርኛው ወደዚያ ሄዷል። ስለዚህ ርእሱ ላይ «ጭንቀት»ን ተዪው። በ16ቱ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ግን የእናትሽን ቃል ያዢ።