ከባርሴሎና ግርግር ለአንድ ቀን መውጣት

ጥያቄ፦ ለጥቂት ቀናት ባርሴሎና ልሄድ ነው። የሰው ግፊያ አልወድም፤ መኪና ሳልከራይ በአንድ ቀን ደርሼ የምመለስበት ተፈጥሮ ይኖራል?

መልስ፦ አለ እንጂ እህቴ፣ ሞንሰራት ተራራ ሂጂ። ባርሴሎና ውስጥ ካለው ፕላሳ እስፓኛ ጣቢያ አር5 ባቡር ትይዣለሽ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ግን ተራራውን በኬብል ካር ነው ወይስ በጥርሳሙ የተራራ ባቡር የምትወጪው የሚለውን ወስኚ፣ ምክንያቱም የሚወረድበት ጣቢያ ይለያያል። ተራራው ላይ ያለው ገዳም አካባቢ ያው ግፊያ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ከከተማው ብዙም አይሻልም። እሱን ቶሎ አይተሽ ወደ ሳንት ጄሮኒ የሚወስደውን የእግር መንገድ ያዢ። ከፍተኛው ጫፍ እሱ ነው፣ 1236 ሜትር፤ ሰማዩ ከጠራልሽ የፒሬኒስ ተራሮች ይታያሉ። ደረጃው ብዙ ስለሆነ በሸበጥ እንዳትሞክሪው! ውሃም ያዢ። የመጨረሻው መውረጃ ሰዓት እንደ ወቅቱ ስለሚለዋወጥ እዚያ እንደደረስሽ ጠይቂ።