ቤታችሁን ለክታችሁ ኑ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት የአራተኛ ዓመት የአርክቴክቸራል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ፒያሳ ወዳለው ቢሮዬ መጣች። ለኢንተርንሺፕ የጻፈችውን ማመልከቻ እንዳነብላት ፈልጋ ነው። ማን እንደሆነችና ወደፊት ምን መሥራት እንደምትፈልግ የሚገልጽ አንድ ገጽ። አነበብኩት። ዱባይ አለ። ሰማይ ጠቀስ ፎቅ አለ። «ዓለም አቀፍ ደረጃ» የሚለው ሦስት ጊዜ አለ። እሷ ግን የለችም።

«የት ነው ያደግሽው?» አልኳት።

«እዚሁ ነው ጋሼ፣ አራት ኪሎ። የቀበሌ ቤት።» ድምጿ ዝቅ አለ።

ቡና ስንጠጣ ስለ ኩሽናቸው ነገረችኝ። እናቷ እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ ነው ያስተማሯት። ኩሽናው ቆርቆሮ ነው። ጭሱ የሚወጣው በግድግዳውና በጣሪያው መሃል ባለች ክፍተት ነው። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ስለሚያስቸግር ክፍተቷ በማዳበሪያ ትወተፋለች። «እኔ እነቅለዋለሁ፣ እማዬ መልሳ ትወትፈዋለች» አለችኝ።

ሙያችን እኮ ይሄው ነው! የሞቀ አየር ወደ ላይ ይሄዳል። መውጫው ከላይ፣ የንጹህ አየር መግቢያው ከታች መሆን አለበት። መውጫው ደግሞ ጭሱን እያስወጣ ዝናቡን የሚመልስ ክዳን ይፈልጋል። ይህች ልጅ ክፍል ውስጥ ሳይነግሯት በፊት ጥያቄውን በእናቷ ዓይን አይታዋለች። ወረቀቱ ላይ ግን አንድ ቃል የለም። አፍራ ነው።

ብዙዎቻችሁ እንዲህ ታደርጋላችሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። ቀን ፀሐይ፣ ማታ ብርድ። በደንብ የተመረገ ጭቃ ቤት የቀኑን ሙቀት ይዞ ማታ ቀስ እያለ ይለቀዋል። እዚያ ያደገ ልጅ ይህን በቆዳው ያውቀዋል። ታዲያ ለምን ይደበቃል?

እኔም በወጣትነቴ ያደግኩበትን ቤት ረስቼ ነበር። መሃል ከተማ ላለ አንድ የቢሮ ሕንፃ የምዕራብ ፊቱን በሙሉ መስታወት አድርጌ ሣልኩት። ሠራተኞቹ ከገቡ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ላየው ሄድኩ። መስታወቱ ላይ ጋዜጣ ለጥፈዋል። የቀትር ፀሐይ እኛ አገር አናት ላይ ናት፤ ከግድግዳው ትንሽ ወጣ ያለ የጣሪያ ክፈፍ ይከልላታል። ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ የምትመጣዋን ግን ክፈፍ አይመልሳትም። እናቴ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የምዕራቡን መስኮት ትዘጋ ነበር። ስንት ዓመት እያየኋት አድጌ፣ ጠረጴዛ ላይ ስቀመጥ ትዝ አላለኝም። ያ ጋዜጣ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ትልቅ ሕንፃ አትመኙ እያልኩ አይደለም። ዕድሉን ካገኛችሁ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን አፍሪካ አዳራሽ ግቡና የአፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር ባለ ቀለም መስታወት እዩ። እዚያ ብርሃኑ ታስቦበት ነው የገባው። የእናንተ ሙያ ብረትና ኮንክሪቱን፣ ብርሃኑን፣ አየሩን፣ ውሃውንና መብራቱን ማስማማት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል። የኮንዶሚኒየም ኩሽና ስትሠሩ ምጣዱ የት ይቀመጣል? ሽቦው ይችለዋል? እንፋሎቱስ በየት ይወጣል? ግባችሁን ስትጽፉ እንዲህ ያለውን ጻፉ። ቀጣሪ ሆኜ ብዙ ማመልከቻ አንብቤአለሁ። ስለሚያውቀው ቤት የጻፈ ልጅ ከሌላው ይለይብኛል፤ ጠርቼ ላናግረው እፈልጋለሁ።

ልጅቷ ትናንት ተመልሳ መጣች። ማመልከቻውን ገና አልጨረሰችም። ኩሽናውን ግን በሜትር ለክታ ሴክሽኑን፣ ማለትም ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ውስጡ ሲታይ የሚመስለውን፣ በእርሳስ ሥላዋለች። ምድጃው አለ፣ በሩ አለ፣ ማዳበሪያዋ እንኳን አለች። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን መውጫው ከምድጃው በላይ ይሁን ወይስ ከበሩ ትይዩ ስንነጋገር መሸብን። እሷ ከምድጃው በላይ ትላለች።